ለጊዜው እዚያ አድርጊው

የመጀመሪያው ወረቀት ከጭነት መኪናው ላይ የበረረው ገና ከግቢው በር ሳይወጡ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁልቁለቱ ላይ ተከተሉት። ወንዙ ከሩቅ ብልጭ ሲል የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ፣ ላባዋ እንደሚነጭ ዶሮ፣ አንድ በአንድ እየተነቀለ አቧራው ላይ ይቀር ጀመር።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አየና ሳቀ።

«እትዬ ቁልፍ፣ አሁን የበረረው ደግሞ ምን ነበር?»

«የአንድ ሰው የወሰን ክርክር ይመስለኛል።»

«በቃ ተረታ በሉት!»

እሷ አልሳቀችም። እትዬ ቁልፍ የሚል ስም ያወጡላት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ በቀለበት የተሰኩ ሰባት ቁልፎች ወገቧ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሳለች ትሰማለች። «ድመት ብትሆኚ ኖሮ አንድም አይጥ ሳትይዢ በረሃብ ትሞቺ ነበር» ይላት የነበረው ባሏ ነው። ባሏ ቴሌግራፈኛ ነበር። ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው።

ጦርነቱ ወደ ከተማው ቀርቧል። መዝገቡ ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ባቡር ጣቢያው ይግባ የሚል ትእዛዝ የደረሰው ትናንት ነው። መዝገብ በወጉ ልሰር፣ ቁጥር ልለጥፍ ላለ ሰው ሦስት ቀን አይበቃውም። ዋና ጸሐፊው ግማሽ ቀን ሰጣት። እሱም ይሁን፤ ገመዱን ግን ወሰደባት። ገመዱ ለሚስቱ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ተፈለገ። አሁን ያ ቁም ሣጥን ከኋላቸው በሚመጣው ሁለተኛ መኪና ላይ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ፣ ግራና ቀኙ በፍራሽ ተደግፎ ይጓዛል። ብርጭቆና ሳህኖቹም እንዳይሰበሩ አንድ በአንድ በወረቀት ተጠቅልለዋል። ወረቀቱ የእስረኞች አቤቱታ ነው። ጠዋት የሰውዬው ሚስት ከመደርደሪያው አንድ ክምር አንስታ «ይኼ ይፈለጋል እንዴ?» ስትል፣ ባልየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ውሰጂው» ብሏታል።

እትዬ ቁልፍ ከጭነቱ ጋር ያልጫነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፍበትን ገቢ መዝገብ። በጥቁር ሸራ የተጠረዘ፣ የሕፃን ክብደት ያለው መጽሐፍ ነው። ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት ክንዷ አቅፋዋለች። በክንዷና በሽፋኑ መካከል ደግሞ በላዩ በዋና ጸሐፊው እጅ «ምስጢር» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ፖስታ አለ።

ፖስታውን የሰጣት ራሱ ዋና ጸሐፊው ነው፣ ጠዋት በዚያ ግርግር መሐል።

«ቁልፊት፣ ይህን ያዢ። ወንዙ ጋ ወንዶቹን ይፈትሻሉ፤ ሴት አይነኩም። ተሻግረሽ ባቡር ጣቢያው ላለው መርማሪ በእጁ ትሰጪልኛለሽ።»

«ካዝናው ውስጥ ላድርገው፣ ጌታዬ?»

«ቁልፉ ጥቁሩ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱ ሻንጣው ውስጥ ነው። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ተጭኗል» አለና ሊሄድ ዞረ። «ለጊዜው እዚያ አድርጊው።»

አገጩን ነቀነቀ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሲል በጣቱ አያሳይም፤ አገጩን ወደ አየሩ ወርወር ያደርጋል እንጂ። በዚያ መሥሪያ ቤት «እዚያ» የሚባል ቦታ ኖሮ አያውቅም። ዓሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትሠራ የሞት ፍርድ «ለጊዜው እዚያ» ወንበር ላይ ሲያድር፣ የሰላዮች ስም ዝርዝር «ለጊዜው እዚያ» የዘበኛው ጠረጴዛ ላይ ሻይ ሲፈስበት አይታለች። ምስጢር ሲያስቀምጥ የወረቀቱን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ነው። የዛሬውንም ፖስታ አላሸገውም፤ የማኅተሙ ሰም ከሳህኖቹ ጋር ተጭኗል።

እትዬ ቁልፍ በዓሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእሷ ያልተጻፈ አንብባ አታውቅም። ዛሬ አነበበች። ያስነበባት ምናልባት ከፖስታው አፍ ብቅ ያለው ወረቀት ጥግ ላይ የታየው ጽሕፈት ይሆናል፤ ባሏ «ሀ»ን ሲጽፍ አንዱን እግር ከሌላው ያስረዝም ነበር። በመዝገብ ቤቱ ባዶ መደርደሪያዎች መካከል ቆማ ሁለት ወረቀት አወጣች።

አንደኛው የባሏ የምስክርነት ቃል ነበር፤ ያውም በመሐላ።

በድንጋይ ካባው ላይ ዓሥራ አንድ እስረኞች በተረሸኑበት ጠዋት፣ ከዋናው ከተማ የምሕረት ቴሌግራም ገብቶ ነበር። የተቀበለው እሱ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት። ሮጦ ለጦር ሠፈሩ አዛዥ ለሻለቃው በእጁ ሰጠው። ሻለቃው በመቀበያው ደብተር ላይ ፈረመ፤ ሰዓቱን አየ፤ ቴሌግራሙን አጣጥፎ ጓንቱ ውስጥ ከተተና ወደ ካባው ሄደ። ይህን ሁሉ ባሏ ያለ አንድ የቁጣ ቃል፣ ቴሌግራም እንደሚያስተላልፍ ሰው ቆጥቦ ጽፎታል። ከበታቹ ፊርማው አለ። ከፊርማው ጎን ደግሞ ክብ የሆነ ቡናማ ቀለበት፤ አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበታል።

ያን ቀለበት ስታይ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ የኖረችውን ነገር ብርጭቆው መለሰላት።

ሻለቃው ባሏን እንዳስገደለው ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሆድን በሆድ ይዞ ዝም አለ እንጂ። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነበር፤ ማን ነገረው? ባሏ ለእሷ እንኳ አልነገራትም። ዛሬ ገባት። ቃሉን በፖስታ አሽጎ፣ እሷ ጽሕፈቱን እንዳትለይ በላዩ ላይ በጽሕፈት መኪና «ምስጢር» የሚል አንድ ቃል መትቶ፣ በዘበኛው በኩል ለዋና ጸሐፊው ልኳል። ዋና ጸሐፊው ሰሙን ሰብሮ አነበበው። ከዚያም ምሳ ሊወጣ ኮቱን እየለበሰ የተከፈተውን ፖስታ ለእሷ ዘረጋላት። «ለጊዜው እዚያ አድርጊው፣ ቁልፊት። ስመለስ ካዝና አስገባዋለሁ።»

እሷም አደረገችው፤ በዚህችው እጇ። ባለጉዳዮች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል መስኮት ላይ። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም።

ፖስታው እዚያ ሦስት ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን የሻለቃው አጃቢ፣ ያ ወረቀት ሲያይ ገልጦ ለማንበብ እጁን የሚበላው፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ነበር። ትዝ ይላታል። ብርጭቆውን ያነሳችው እሷ ናት። በማግስቱ ባሏ ከስልክ እንጨት ወድቆ ተገኘ፤ ቴሌግራፈኛ እንጨት ላይ ምን ሊሠራ እንደወጣ የጠየቀ የለም። ዋና ጸሐፊው ለዋናው ከተማ በጻፈው ደብዳቤ «ሟቹ በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ሕይወቱ አልፏል» አለ። የደብዳቤውን ግልባጭ ቁጥር ሰጥታ፣ ቀዳዳ በስታ፣ ፋይል ውስጥ ያስገባችው ሚስቱ ነበረች።

ሁለተኛው ወረቀት የዋና ጸሐፊው የዛሬ ደብዳቤ ነው፤ ወንዙ ማዶ ባቡር ጣቢያ ለተቀመጠው ልዩ መርማሪ የተጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይኼኛው ጅቡ ገና ሳይሄድ ሊጮህ ቸኩሏል። ሻለቃውን ነፍሰ ገዳይ ይለዋል። «ለረጅም ጊዜ በልቤ ስጠረጥረው የነበረ» ይላል። ከዚያ ወረድ ብሎ፤ «ይህን የምስክርነት ቃል የሟቹ ሚስት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዬ፣ ምክንያቱ በማይታወቅ ሁኔታ እስከ ዛሬ ደብቃው ኖራ በቅርቡ በእኔ ጥረት ተገኘ።»

ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጥፋ ወጣችና መኪናው ላይ ተሳፈረች።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት? ፊትዎ ልክ አይደለም» አለ ሹፌሩ።

«አቧራው ነው።»

«አቧራ እኮ ሰው ያጠቁራል፤ እርስዎን ነጭ አድርጎዎታል።»

ወንዙ ዳር መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና ለመኪናው ውኃ ሊቀዳ ወረደ። እሷ ብቻዋን ስትቀር ፖስታውን አወጣች። የባሏን ቃል ለይታ ገቢ መዝገቡን ገለጠችና ከአንድ ገጽ ላይ አኖረችው። ገጹን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ እጇ ያውቀዋል። በገቢ መዝገብ ላይ ማንም የማያነበው የመጨረሻ ዓምድ አለ፤ «የተቀመጠበት ቦታ» የሚል። ባለፈው ዓመት በዚያች ቀን፣ በሥርዓት ማመን ልማዷ ስለሆነ፣ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፤ «ቁጥር 214። አንድ የተከፈተ ፖስታ፣ ምስጢር። በዋና ጸሐፊው የቃል ትእዛዝ መስኮት ላይ፣ ለጊዜው።»

መርማሪው የባሏ ቃል መቼ እንደደረሰ፣ ማን እንደተቀበለው፣ ማን የት እንዳስቀመጠው ከዚህች መስመር በላይ ማስረጃ አይፈልግም። የእሷም ስም እዚያው አለ። ይኑር።

ዋና ጸሐፊው ላቡን እየጠረገ መጣ። ከወንዙ ጋር የሚጓተት ጠፍጣፋ ጀልባ በወፍራም ገመድ ተይዞ ይጠብቃል፤ ገመዱን የሚስቡት ከማዶ ያሉት የመርማሪው ዘበኞች ናቸው። የሻለቃው ሥልጣን እዚህኛው ዳር ላይ ያበቃል። ጦርነቱ ከኋላው፣ መርማሪው ከፊቱ ሆኖበት ሻለቃው ሳምንቱን ሙሉ ዳሩ ላይ ባለችው የጣውላ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የይለፍ ወረቀት ይፈርማል። መሄጃ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ፣ ወታደሮቹ እንኳ ጎጆዋን በእግር ጣታቸው ነው የሚያልፏት።

«በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ነው የሚችለው» አለ ዋና ጸሐፊው፣ ገመዱን ባለማመን እያየ። «መዝገቡ ይቅደም። ገመዱ ከተበጠሰም…» አልጨረሰውም። ዞር ብሎ ቁም ሣጥኑን አየ። «እኔ ከዕቃው ጋር በሚቀጥለው እመጣለሁ። አንቺ ግቢና የይለፉን አስፈርሚ። እኔን ካየ ወሬ ያበዛብኛል።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

«ያ ነገር አለ አይደል?»

«አለ።»

ፍርሃቱን አየችው። አንድ አፍታ አዘነችለት ማለት ይቻላል፤ ሚስቱን ታውቃታለች፣ ልጆቹን በስም ትጠራቸዋለች። አንድ ቃል ቢላት፣ ስለ ባሏ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ምናልባት ፖስታውን መልሳ ትሰጠው ነበር። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷት ጮኸ፤ «ቀስ! ቀስ በሉ አልኩ! መስታወት ነው እኮ፣ ሰው መሰላችሁ?»

እትዬ ቁልፍ ወደ ጎጆዋ ተራመደች። ቁልፎቿ ወገቧ ላይ ተንሿሹ።

ሻለቃው ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ባለበት፣ ወንበር ላይ ጋለል ብሎ ይላጫል። አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ጉንጩ ላይ አረፋ፤ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። ምላጩን የያዘው አጃቢው ነው። መስኮቱ ላይ የሳሙና ጎድጓዳ ሳህን፣ ነጭ ጓንት፣ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ።

«ቁልፍ ሰማሁ» አለ ሻለቃው ዓይኑን ሳይገልጥ። «የመዝገብ ቤቷ እመቤት ናት።»

«ነኝ፣ ክቡር ሻለቃ። የይለፍ ለማስፈረም ነው።»

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ወረቀት።»

«ወረቀት!» ሻለቃው አፍንጫው ውስጥ ሳቀ፤ አጃቢው ምላጩን አነሳ። «ሰው ሕፃናቱን ያሻግራል፣ የእናንተ ሰውዬ ወረቀት። እንዴት ነሽ ግን? የባልሽን ሐዘን ረሳሽ?»

«እየሞከርኩ ነው።»

«ጥሩ ሰው ነበር። ይጠነቀቅ ነበር። ግን ምን ይደረጋል፣ እንጨት ክፉ ነው።»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ» አለች። «እንጨት አፍ የለውም።»

ሻለቃው አንድ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ የፈለገውን ነገር ፊቷ ላይ ሳያገኝ መልሶ ጨፈነው። እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ አጃቢው ባቀረበለት ወረቀት ላይ ፈረመ። አጃቢው ማኅተሙን ሊመታ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

እትዬ ቁልፍ ፖስታውን ከክንዷ ሥር አወጣች። አልተጣደፈችም። ሻይ ብርጭቆውን ትንሽ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ላይ አኖረችው፤ «ምስጢር» የሚለው ቃል ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ። የዋና ጸሐፊውን የእጅ ጽሕፈት በከተማው የማያውቅ ወታደር የለም። ብርጭቆውን አንስታ በላዩ መለሰችው፤ ነፋስ እንዳይወስደው።

የይለፉን ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ሹፌሩ መኪናውን ጣውላው ላይ ሲያወጣ ጀልባው አቃሰተ። እሷ ገቢ መዝገቡን ታቅፋ ከጎማው አጠገብ ቆመች። ከማዶ ገመዱ ተወጠረ። ውኃው በጀልባውና በዳሩ መካከል አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር እርምጃ ሆነ።

ዋና ጸሐፊው ዳሩ ላይ ቆሞ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ያያታል። እንደ ቀልድ ትዝ አለው።

«ቁልፊት! ያን ነገር ካዝናው ውስጥ አደረግሽው?»

«ቁልፉ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ!»

«እና የት አደረግሽው?»

እትዬ ቁልፍ በጣቷ አላሳየችም። እጇ መዝገቡን ይዟል። አገጯን ብቻ ወደ ጎጆዋ ወርወር አደረገች።

«ለጊዜው እዚያ አድርጌዋለሁ!»

መጀመሪያ አልገባውም። ሰው የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ቶሎ አይለየውም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንገቱ የዛገ ይመስል፣ ወደ ጎጆዋ ዞረ። መስኮቱ ላይ ሻለቃው ቆሟል። ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ ነጭ አረፋ። በእጁ ወረቀት ይዟል፤ እያነበበ ነው፤ የሚያነበውም ያለ ምንም ጥድፊያ ነው። ከኋላው አጃቢው በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ አብሮት ያነባል።

ዋና ጸሐፊው ወደ ውኃው አንድ እርምጃ ገባ። ጫማው ሞላ። «መልሱት! ጀልባውን መልሱት!» ብሎ ጮኸ፤ የማዶዎቹ ግን ገመድ እንጂ ጩኸት አይስቡም። ከዚያ ወደ መኪናው ሮጠና ቁም ሣጥኑን ከለላ አደረገ። ፍራሹ ተንሸራቶ ስለነበር መስታወቱ ፀሐይዋን ይዞ ዳሩን ሁሉ አበራው፤ እሱም በመሐሉ ከነጥላው ጎልቶ ታየ።

እትዬ ቁልፍ ፊቷን መለሰች። መዝገቡን የመኪናው መከላከያ ላይ ዘርግታ የዛሬውን ገጽ አወጣች። እርሳሷን በምላሷ አርጥባ መጻፍ ጀመረች። «ቁጥር 388። አንድ ያልታሸገ ደብዳቤ፣ ምስጢር። ከዋና ጸሐፊው።» ወደ መጨረሻው ዓምድ ደረሰች። እንዲህ ብላ ሞላችው፤ «በቃል ትእዛዝ መስኮት ላይ፣ ለጊዜው።»

ከዚያ መልሳ ወደ ቁጥር 214 ገለጠች፤ የባሏ ቃል እንዳለ መሆኑን አየች። ሁለቱን መስመሮች ለአፍታ አስተያየቻቸው። ሁለቱም በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። ይህን መርማሪው አይጠይቃትም፤ ሌላ ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ትጠየቃለች።

ከዳሩ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ በር መዘጋት። ወዲያው ደግሞ ብዙ መስታወት በአንድነት ሲረግፍ። ከሸምበቆው ውስጥ ወፎች ግር ብለው ተነሡ።

ሹፌሩ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ወደ ኋላ ሊያይ አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ! ምን ነበር እሱ?»

እትዬ ቁልፍ መዝገቡን ዘጋች፤ ሽፋኑን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«የጥንቃቄ ጉድለት» አለች።